ትኑርልኝ የተባለችው ልጅ

ፀሐይ ሁለት ቀለበት አጥልቃ በወጣችበት ማለዳ፣ የዝማራ መንግሥት የስም ቀንደ መለከት ከማማው ተሰረቀ። ጠባቂው አዛዥ ዶርቄ «ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ እንጂ አልተኛሁም» ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከራል። ማንኮራፋቱን ግን ከተማው ሁሉ ሰምቷል።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በዝማራ የሕፃን ስም የሚጸናው ቀንደ መለከቱ ሲነፋ እናቱ ስትጠራው ብቻ ነው። እስከ ሰማንያ ቀኑ ስም ያልወጣለት ሕፃን እንደ ጉም ይበንናል። የወይዘሮ ናርዶት ጨቅላ ሴት ልጅ ደግሞ ሰባ አንድ ቀን ሆኗታል፤ የእግሯ ጣቶች ከወዲሁ ሳስተው ብርሃን ማሳለፍ ጀምረዋል።

ጨቅላዋ የአሥራ ስድስት ዓመት እህት ነበረቻት። የእሷን ስም እንድነግራችሁ አትጠብቁ፤ እኔም አላውቀውም። ይህች ልጃገረድ በጦርነት የወደቀውን የአባቷን ጦር አንሥታ በዙፋኑ ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ! በሰባቱ ተራሮችና በጠባሁት የእናቴ ጡት እምላለሁ፤ ቀንደ መለከቱን ሳልይዝ አልመለስም!»

«ሂጂ ልጄ፤ ተራሮቹ ይከተሉሽ» አሉ ንጉሡ። «ዶርቄም አብሮሽ ይሂድ። የቀረችውን እንቅልፍ መንገድ ላይ ይጨርሳት።»

ሦስተኛዋ ተጓዥ በቅሎዋ ሸርጌ ነበረች። እንደ ሰው ትናገራለች፤ የምትናገረው ግን ለማማረር ብቻ ነው። የአመዱን በረሃ እያማረረች አቋረጠች። ድንጋይ የሚወረውሩት ዛፎች መንገድ ሲዘጉባቸውም አንድ በአንድ እየሰደበች አሳፈረቻቸው። ከማማው ሥር የጀመረውን ግዙፍ ዱካ ተከትለው በስምንተኛው ቀን የነሐስ ተራራ ዋሻ ደረሱ።

በዋሻው ውስጥ ቤት የሚያክል ባለ ሦስት ጭራ አውሬ ቀንደ መለከቱን ታቅፎ ያለቅሳል። ልጅቷ ጦሯን ወረወረች፤ ጦሩ ቅርፊቱን ነክቶ እንደ አገዳ ተሰበረ።

«መቶ ጊዜ ነፋሁት!» አለ አውሬው እያነባ። «ስም የምታወጣልኝ እናት የለችኝም። ሁሉም ‹አንተ አውሬ› ይለኛል። ስም ሳላገኝ ቀንደ መለከቱን አልሰጥም!»

ልጅቷ የአባቷን ጦር ስብርባሪ አየች። ከዚያ የእህቷን ጣቶች አሰበች።

«የእኔን ስም ውሰድ» አለች።

ዶርቄ ደነገጠ። «ኧረ ልጄ፣ በሞቴ! ቀንደ መለከቱ ለአንድ ሰው ሁለቴ አይነፋም። ስምሽን ከሰጠሽ ሌላ የለሽም። እናትሽ እንኳ ትረሳዋለች!»

ስሟን ትወደው ነበር፤ አባቷ ነበር የመረጠላት። አለቀሰች። እንባዋን በእጇ ጠረገችና «እኔስ ይቅርብኝ፤ እሷ ትኑርልኝ» ብላ ስሟን በአውሬው ጆሮ አንሾካሾከች። አውሬውም ቀንደ መለከቱን ነፋ፤ ወዲያው ስሙ ከሰው ሁሉ አእምሮ ወጣ።

አውሬው በደስታ ሲዘል ተራራው ተንቀጠቀጠ። የአንዲት ልጃገረድ ስም ይዞ እንዲያ የኮራ ፍጡር ታይቶ አይታወቅም። ሦስቱንም በጀርባው ጭኖ በአንድ ቀን ዝማራ አደረሳቸው፤ ሸርጌም ከፍታው አዞረኝ ብላ አማረረች።

ሰማንያኛው ቀን ነበር። ጨቅላዋ እስከ ወገቧ ጉም ሆናለች። ወይዘሮ ናርዶት ትልቋን ልጇን አይታ ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ የሚወጣ ስም ግን አጣች። ዶርቄ በዋሻው የሆነውን፣ ልጅቷ ያለችውንም ቃል ሳይቀር ነገራት። እናት ልጇን አቅፋ አነባች።

«ሌላ ስም አስቤላት ነበር» አለች ቀና ብላ። «ተዉት። ዶርቄ፣ ንፋ!»

ቀንደ መለከቱ አገሩን አናወጠው።

«ትኑርልኝ!» አለች እናት።

ጉሙ ሥጋ ሆነ። ትኑርልኝ አዲስ ባገኘቻቸው እግሮቿ ዶርቄን አፍንጫው ላይ ረገጠችው፤ ከተማውም በእልልታ ቀለጠ።

ስም አልባዋ ጀግና ግን በመጀመሪያው ሰሞን ከፍቷት ነበር። ገበያ መካከል ሰው ሌላውን ሲጠራ ስትሰማ ልቧ ይሰበራል።

በሦስተኛው ዓመት ንጉሡ በጀግኖች ዓምድ ላይ ታሪኳ እንዲቀረጽ አዘዙ። ድንጋይ ጠራቢው ታሪኳን ጽፎ ጨረሰና መሮውን ወደ ላይኛው ባዶ ቦታ አነሣ።

«ማን ብዬ ልጻፍ?»

ስሟን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ትኑርልኝ ግን የእህቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ፣ የሚወስድባት ሰው የመጣ መስሏት ጮኸች።

«የኔ ናት!»

ድንጋይ ጠራቢው ንጉሡን አየ። ንጉሡም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ዛሬም በዓምዱ አናት ላይ፣ ከሌሎቹ ጀግኖች ስሞች በላይ፣ «የኔ ናት» የሚል ይነበባል።