ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?

ስሙኝ... ይህን ነገር በሕልሜ አላየሁትም፣ ከማንም አልሰማሁትም። በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ ነው ያየሁት። የሚያምን ይመን። የማያምን ደግሞ እሰየው፣ በሰላም ይተኛ።

የሆነው ማልታ፣ ቢርጉ በምትባለው የወደብ ከተማችን ውስጥ ነው። ቀኑ በበጋ የሚከበረው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ምን የለ... ፀሐይ ድንጋዩን የምታነድበት፣ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ የሚተኛበት ሰዓት።

አባቴ ስፒሩ የሳንባ ምች ይዞት ማገገሚያ ቤት ተኝቶ ነበር። ቤቱ ጥንት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ሆስፒታል ነበር።

ፈረሰኞቹ፣ መነኩሴም ወታደርም የነበሩት፣ ጥቁር ካባ ነበር የሚለብሱት፣ ደረቱ ላይ ስምንት ጫፍ ያለው ነጭ መስቀል። ከኢየሩሳሌም ተባረሩ፣ ከሮድስ ተባረሩ፣ መጨረሻ የኛ ደሴት ላይ አረፉ። ሲዋጉ አይጣል ነው። በሽተኛ ፊት ግን ይንበረከካሉ። በሽተኛውን "ጌታችን" ብለው ሊያገለግሉት የማሉ ሰዎች ናቸው፤ ለማኙን እንኳ በብር ሳህን ነበር የሚያበሉት።

ልማዱ ዛሬም አልቀረም። በዓሉ ሲደርስ የሰፈራችን ሰዎች ያንን ካባ ለብሰው ለበሽተኞች ምሳ ያቀርባሉ። "ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?" እያሉ።

አባቴ ታዲያ ሰው ሲያገለግለው ያመዋል። ዕድሜውን ሙሉ መርከብ ሲጠግን የኖረ፣ ብረት ወድቆበት ግራ እግሩን የሚያነክስ ሰው ነው። እንደዚያም ሆኖ ውሃውን ራሱ ተነስቶ ይቀዳል።

"ተዉ እናንተ! እኔ እጅ የለኝም እንዴ?" እያለ ሲያስቀን ዋለ።

በማግስቱ ይወጣል። ሐኪሙ ፈቅዶለታል። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

አስተናጋጆቹ ካባቸውን አውልቀው ሄዱ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ... አንዱ ተመልሶ መጣ።

መጀመሪያ ዕቃ ረስቶ መስሎኝ ነበር። ግን ካባው የክረምት ሱፍ ነው፣ በዚያ ሙቀት! ቆቡ አገጩ ድረስ ወርዷል። የካባው ጫፍ ውሃ ያንጠባጥባል...

ወለሉ ግን ደረቅ ነው።

አጠገባችን የተኛው ሽማግሌ፣ ዊስቲን የሚባለው የድሮ መርከበኛ ጋ ሄዶ ተንበረከከ።

"ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?"

ዊስቲን ዓይኑን እንኳ አልገለጠም። "ትራሴን ገልብጥልኝ።"

ገለበጠለት።

"ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?"

"ውሃ።"

ሰውዬው ውሃ ሊያመጣ ሲሄድ ጠጋ አልኩ።

"ጋሼ ዊስቲን... ማነው እሱ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ምኑን አውቄው። በየዓመቱ በዓሉ ሲሆን ይመጣል። ስሚኝ ልጄ... ሲጠይቅ፣ 'ምንም አልፈልግም' እንዳትሉት። ያገኛችሁትን እዘዙት። የምታዙት ነገር እስካለ ድረስ አገልጋያችሁ ነው።"

"አልፈልግም ያለውስ ሰው?"

"ይዞት ይሄዳላ!"

ሰውዬው ውሃውን አመጣ። ዊስቲን ጠጣና በረጅሙ ተነፈሰ። ፊቱ ላይ ድካም ነበር፣ ፍርሃት ግን አልነበረም።

"ወይ ጉድ... ስንት ዓመት ትራስ አስገለበጥኩህ። በቃኝ ወንድሜ። ምንም አልፈልግም።"

ሰውዬው ከካባው ስር የበግ ለምድ አውጥቶ ትከሻው ላይ ጣለለት። ቦት ጫማ አጠለቀለት። ጥንት ፈረሰኞቹ በሽተኛው ከአልጋው ሲነሳ እንዳይበርደው እንደዚያ ያለብሱት ነበር አሉ።

ለዓመታት ከአልጋው ያልወረደው ዊስቲን ተነሳ። እየተራመደ ወጣ!

ወደ አልጋው ዞር ስል... ዊስቲን እዚያው ተኝቷል። አፉ ተከፍቷል። እጁን ብነካው በረዶ።

ነርስ ልጠራ ብድግ አልኩ።

ያኔ ሰውዬው ተመለሰ። ብቻውን። አባቴ እግር ስር ተንበረከከ።

"ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?"

አባቴ ከእንቅልፉ ነቃ። "ኧረ ተነስ የኔ ልጅ! ለእኔ ብለህ አትንበርከክ፣ እኔ ምን—"

አፉን በእጄ አፈንኩት።

"ውጣ!" አልኩት። "በር ላይ ቁም! እስክንጠራህ እንዳትገባ!"

እጅ ነሳና ወጣ።

የማያልቅ ትእዛዝ ሰጠሁት፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ በልቤ ኮራሁ። ሞኝ!

በማግስቱ አባቴን ቤት አስገባሁት። መስኮት ልከፍት ስል... በራችን ላይ ቆሟል። ጌታው ከሄደ አገልጋይ ምን ያደርጋል? ተከትሎን መጣ።

አባቴ ደጅ ደጁን እያየ ምግብ አልበላ አለኝ።

"ቸቲና፣ ያ ምስኪን ፀሐይ ላይ ደርቆ ቀረ እኮ። ግባ በይው።"

"አባዬ፣ በእመቤታችን ይዤሃለሁ፣ እንዳታናግረው! ዊስቲንን የወሰደው እሱ ነው።"

"አንቺ ደግሞ! ዊስቲንን እርጅና ነው የወሰደው። ሰው ደጅ ላይ አቁመን ጎረቤት ምን ይለናል?"

በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። አባቴ አጠገብ ተቀምጬ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። የተሰጣ ልብስ ላነሳ ሰገነት ወጣሁ። ቶሎ ልመለስ...

የአባቴን ድምፅ ከላይ ሆኜ ሰማሁት። ሰውዬውን በመስኮት ነበር የሚያናግረው።

"ና ግባ እንጂ ልጄ! አረፍ በል... ኧረ ተው፣ አትንበርከክ! እኔ ምንም አልፈልግም። ይልቅ ላንተ ውሃ ላምጣልህ?"

"አባዬ!" እያልኩ ደረጃውን በምን እግሬ እንደወረድኩት አላውቅም።

አባቴ ወንበሩ ላይ ነው። ነጠላ ጫማው ወልቆ ጎን ለጎን ተቀምጧል። እግሩ ቀዝቅዟል።

በሩ እንደተቆለፈ ነው።

በመስኮት አየሁ። ሁለት ጥቁር ካባ የለበሱ ሰዎች ቁልቁል ወደ ወደቡ ይወርዳሉ። አንደኛው... ግራ እግሩን ያነክሳል። ውሃ ላምጣልህ ያለውን አባቴን፣ እንደ ዊስቲን ለምድ ሳይሆን የአገልጋይ ካባ አልብሶታል።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ዳሌዬ ተሰበረና እዚያው ማገገሚያ ቤት አስገቡኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ከዊስቲን አልጋ ላይ ሆኜ ነው።

በበዓሉ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አስተናጋጆቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ አንዱ መጣ። እያነከሰ። ተንበረከከ። ፊቱን ቆቡ ሸፍኖታል።

"ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?"

የአባቴ ድምፅ ነው።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ... ቸቲና" አልኩት። እሱ ግን መልሶ፣ "ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?"

ውሃ አልኩት። አመጣልኝ። ትራስ አልኩት። ገለበጠልኝ። ዊስቲን ጋ ያኛው በዓመት አንዴ ነበር የሚመጣው፣ አባቴ እኔ ጋ ግን ከበዓሉ ወዲህ በየቀኑ ነው።

እፈራዋለሁ። የገዛ አባቴን እፈራዋለሁ! ደግሞ ያሳዝነኛል። ውሃ እንኳ አስቀድቶ የማያውቅ ሰው፣ በዚያ እግሩ ሳመላልሰው አንጀቴ ይቆረጣል። "በቃ አባዬ፣ ምንም አልፈልግም፣ አረፍ በል" ልለው አፌ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ። ልጄ እሁድ መጥታ ቤት ልትወስደኝ ነው። ቤቴን እፈልጋለሁ።

ትናንት ግን ያላዘዝኩትን ነገር አመጣ። አልጋዬ ስር አስቀምጦት ሄደ።

ቦት ጫማ ነው። የእኔ ልክ ነው። አፍንጫው ወደ በሩ ዞሯል።

አሁን ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው... ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው እያነከሰ ይመጣል።