ሦስተኛው ትንፋሽ

ፊልሙ ስለ አንድ ባልና ሚስት ነበር፤ ቤታችን ውስጥ የማናየው ሰው ተደብቋል ብለው፣ አንዱ የጠረጠረውን ሌላው እያመነለት አብረው ስለሚያብዱ። እኔ ምስሉን እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፤ የድምፅ ባለሙያው አጠገቤ ተቀምጦ ድምፁን ያስተካክላል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መጋረጃው ጥቁር። እዚያ የዋለ ሰው ዓይኑ እንደተገለጠ ሕልም ያያል።

መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ተዋንያኑ ዝም ሲሉ ከኋላችን የሰው ትንፋሽ ተሰማኝ። ዞር ስል ማንም የለም። እሱም ዞር ብሎ ኖሮ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«አንቺም ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

ከዚያ ወዲያ እኛም እንደ ባልና ሚስቱ ሆንን። ቁልፉን አስቀየርን፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ፈተሽን። እሱ ወንበሩን ወደኔ አስጠጋ፣ እኔም አልሸሸሁም። ስፈራ እጄን ይይዘኛል። አንዳንዴ ሳልፈራም ይይዘኛል፤ ዝም እለዋለሁ። እንዲህ ደስ የሚል ፍርሃት አይቼ አላውቅም።

ታላቅ እህቴ ስትሰማ ግን አልሳቀችም። ተያይዛችሁ ልታብዱ ነው፣ ፊልሙ እንዳለቀ ሥራውንም ሰውዬውንም ትተሽ ትመጫለሽ አለችኝ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሺ አልኳት፤ ሆዴ ግን እሺ አላለም።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ቀድሜው ገባሁ። የድምፅ ሰዎች ቀረጻ ሲያበቁ የቦታውን ዝምታ ብቻውን ይቀዳሉ፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ያንን ዝምታ ኋላ በየንግግሩ መካከል ያነጥፉታል። ንግግሩንም ሙዚቃውንም ዘግቼ ዝምታውን ብቻ ከፈትኩት። ትንፋሹ እዚያው ውስጥ ነበር፤ የሚወጣውም ከኋላችን ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ። የማን እንደሆነም አወቅሁ፤ ስንት ጊዜ ጆሮዬ ሥር ሰምቼዋለሁ። እሱ አላወቀውም፤ የገዛ ትንፋሹን የሚያውቅ ማን አለ?

ብነግረው ፍርሃታችን ያልቃል፤ ፍርሃታችን ካለቀ ወንበሩም ይርቃል። ዝም ብል ደግሞ እህቴ እውነቷን ነው። እሱ ሲገባ ነገርኩት።

ደጋግሞ ሰማውና አንገቱን ደፋ።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«ይህን ዝምታ የቀዳሁ ቀን ቀረጻውን ልታዪ መጥተሽ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። ገና አላውቅሽም ነበር። ሳይሽ ትንፋሼን መያዝ ረሳሁ።»

ከዚያ ትንፋሹን ከቅጂው ላይ አጠፋውና ክፍሉ ተራ ክፍል ሆነ።

«ከእንግዲህ የሚያስፈራን የለም» አለኝ፤ «ምን ብዬ አጠገብሽ እቀመጣለሁ?»

«እኛ ቤት ና። እህቴ አብዳችኋል ብላለች፤ ጤነኛ መሆንህን ራስህ ንገራት።»

«ትንፋሹ የኔ እንደነበር እነግራታለሁ» አለ። «ስለ ጤንነቴ ግን እህትሽን አልዋሻትም።»