የላንድሮቨሩ ጠፍር

መቶ አለቃ ታፈረ ከደብረ ታቦር ተጠርቶ መካነ ኢየሱስ ሲገባ፣ የመካኒኩ የማሩ አስከሬን ገና ከላንድሮቨሩ ሥር አልወጣም ነበር። እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ከሌላ አገር የመጣው ሾፌር እንየው እጆቹ በጠፍር የፊጥኝ ታስረው አቧራ ላይ ተቀምጧል። የማሩ እኅት ስንዱ ትተፋበታለች፤ ሰዉ ድንጋይ ጨብጦ ከቦታል። እንግዲህ የእኛ አገር ሰው መጤ ሲጠላ አይደብቅም። ታፈረ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ልጁ አልቆለት ነበር።

መኪናው የባላምባራስ አድማሱ ነው። በአርብ ገበያ መንገድ ሆዱ ድንጋይ እየነካ ስላስቸገራቸው፣ ከፍ እንዲል ብለው ከጭነት መኪና የተነቀለ የብረት ቅጠል መኪናውን በሚሸከመው ባሌስትራ ላይ እንዲጨመር ማሩን አዘዙ። መኪና ማንሻው ክሪክ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጎማው ሲወልቅ መኪናው በወይራ እንጨት ተደገፈ። እንጨቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በበሬ ቆዳ ጠፍር ታሰሩ። ያሰራቸው እንየው ነው። ከአራቱ ጥንድ አንዱ ተበርግዶ ማሩን ጨፈለቀው።

«በእርጥብ ጠፍር አስሮት ነው» አሉ ባላምባራስ በንቀት። «የገበሬ ልጅ ቢሆን እርጥብ ጠፍር ሳይደርቅ ሸክም እንደማይችል ያውቅ ነበር። ምን ትዞራለህ? ወስደህ ስቀለው።»

ታፈረ ወደ እንጨቶቹ አጎነበሰ። የተበረገደው ጥንድ ጠፍሩ ርሶ ለስልሷል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ጭቃ ነው። የቀሩት ሦስቱ ግን ደርቀውና ጠብቀው አጥንት ሆነዋል። የካቲት ነው፤ ከወር በላይ ዝናብ የሚባል ነገር አልጣለም።

ከማሩ ጋር ጠብ አለው የተባለውን በቅሎ ጫኝ አለበልን ጠየቀው። አለበል አልሸሸገም፤ መኪና አርብ ገበያ ከገባ በቅሎዎቹን የሚከራይ እንደማይኖር፣ ማሩንም አጥብቆ ይጠላው እንደነበር ተናገረ። ሆኖም ከማለዳ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ካህናቱም አረጋገጡለት። ስንዱ ደግሞ ወንድሟ ሰኞ ለባልቴቷ ሐረገ ወይን ርስት ሊመሰክር እንደነበር በለቅሶዋ መሀል አነሳች። የርስቷ ድንበር ሲገፋ በዓይኑ ያየ እሱ ብቻ ነበር።

«የገፋው ማን ነው?» አላት።

ስንዱ አንገቷን ደፋች። «ባላምባራስ ናቸው።»

እንየው በበኩሉ ባላምባራስ ለራዲያተሩ ውሃ አምጣ ብለውት አንድ ጀሪካን እንዳመጣ፣ ከእጁ ተቀብለው አንጥረኛ ቤት ድረስ ለብሎን እንደላኩት ነገረው። ሲመለስ ማሩ ሞቶ ነበር። ታፈረ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ቀጭን እንጨት ሰደደበት። እንጨቱ ደረቁን ወጣ።

ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበ። ውሃ አስመጣና መጀመሪያ የእንየውን ማሰሪያ አራሰው፤ ሰዉ አጉረመረመ፤ ታፈረ ከቁብ አልቆጠረውም። ንግግሩን እስኪጨርስም እየደጋገመ ያፈስበት ነበር።

«አራቱንም ያሰራቸው አንድ እጅ ነው፤ ጠፍሩም ከአንድ ቆዳ የተተለተለ ነው» አለ። «በእርጥቡ ቢያስር አራቱም ይርሱ ነበር። አንዱ ብቻ የራሰው ከታሰረ በኋላ ነው። ለበቅሎ ጫኙ ካህናቱ መስክረውለታል። እንየው አንጥረኛው ቤት ነበር፤ አንጥረኛው ይኸውና። ከማሩ ጋር የቀሩት ባላምባራስ ናቸው። ጀሪካኑ ባዶ ነው። ራዲያተሩም ባዶ ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት አቧራ ነው። ባላምባራስ፣ ውሃው የት ገባ?»

ባላምባራስ አንድ እርምጃ ወደ ታፈረ ቀረቡ። «አንተ ማን ነህና እኔን የምትጠይቀኝ?»

ታፈረ ወደ እንየው ዞረ። «እስኪ እጅህን ሳብ።»

እንየው ሳበ። ጠዋት ሥጋውን የበላው ጠፍር ተለጠጠ፤ መጀመሪያ አንድ እጁ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ሾልኮ ወጣ። ሰዉ ድንጋዩን አንድ በአንድ ጣለ።

ስንዱ ጠፍሩን ከመሬት አነሳችና ለታፈረ ሰጠችው። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ያለቻቸውን ሰው በጣቷ አሳየችው።

«ሳይደርቅ እሰሩት» አለች።