የአባባ ይርሳው ሁለት ዓይኖች

ትርሲት የምትኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ከሐይቁ አጠገብ። ቤት ውስጥ እናቷ አለች፤ አያቷ አባባ ይርሳውም አሉ።

አባባ ይርሳው ሥዕል ይሥላሉ። ጠዋት ይሥላሉ፣ ከሰዓት ይሥላሉ፣ ምሳ ቀርቦ «ኑ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» ሲባሉም ይሥላሉ።

ብሩሻቸውን ቀለም ውስጥ ይነክራሉ። ጠቅ! ሸራው ላይ ያስኬዱታል። ሸርርር!

ጠቅ! ሸርርር! ጠቅ! ሸርርር! ቤቱ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ይላል።

አባባ ትንሽ ልጅ ሳሉ በከሰል በር ላይ ዶሮ ሣሉ። ዶሮዋ ታምር ነበር፤ በሩ ግን የጎረቤት ስለሆነ ቁጣ አላጡም።

ሲያድጉ ጀልባ ነጂ ሆኑ። ድድድድድ! ሰዎችን ሐይቁ ውስጥ ወዳሉት ደሴቶች፣ ወደ ድሮዎቹ ቤተ ክርስቲያኖች ያደርሱ ነበር።

ሰዎቹ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ አባባ የግድግዳውን ሥዕል ያያሉ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፤ አይተው አይጠግቡም።

ማታ ቤት ሲገቡ «ደከመኝ» የለ፣ «እንቅልፌ መጣ» የለ። ብሩሽ ያነሳሉ። ጠቅ! ሸርርር!

መጀመሪያ ዓሣ ሣሉ፤ ከዚያ ወፍ፤ ከዚያ ሰው። አሥጋሪውን፣ ጎረቤቱን፣ የትርሲትን እናት፣ ሁሉንም ሣሉ።

አንዳንዴ ደግሞ ከእንጨት ወፍ ይቀርጻሉ። ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ትንንሽ ታንኳ ይሠራሉ፤ ታንኳዎቹም በባልዲ ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ።

አሁን አርጅተው ጀልባ መንዳት ትተዋል። ሥዕሉን ግን ማን ያስተዋቸዋል?

አንድ ቀን አባባ ለትርሲት ቀለም ሰጧት፤ ብሩሽም ሰጧት። የእሷ ቀለም! የእሷ ብሩሽ!

ትርሲት ደስታዋ ልክ አጣ። እንዴት እንደምታመሰግናቸው አሰበች፣ አሰበች፣ በመጨረሻ አባባን ራሳቸውን ሥላ ልትሰጣቸው ቆረጠች።

አጠገባቸው ቁጭ አለች። አባባ ሸራቸውን እያዩ ይሥላሉ፤ ትርሲት አባባን እያየች ትሥላለች።

አንድ አፍንጫ። አንድ ጆሮ። አንድ ዓይን። ከጎን የሚታየው ይኸው ነው።

ሥዕሉን ይዛ ወደ ጎረቤታቸው ወደ እትዬ አንጓች ሮጠች። እትዬ አንጓች ሥዕሉን አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ ልጄ፣ አባባን ክፉ ሰው አደረግሻቸው?»

ትርሲት ደነገጠች። እትዬ አንጓች አጠገባቸው አስቀምጠው የድሮ ሠዓሊዎችን ነገር አጫወቷት።

በደሴቶቹ ቤተ ክርስቲያኖች ግድግዳ ላይ ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው ግን ከጎን ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

«አንድ ዓይን ለክፉ፣ ሁለት ዓይን ለደግ» አሉ እትዬ አንጓች።

እሳቸውንም አባባ አንዴ ከጎን ሥለዋቸው ክረምቱን ሙሉ አኩርፈው ነበር። የታረቁት እንደገና በሁለት ዓይን ሲሣሉ ነው።

ትርሲት እያሰበች ወደ ቤት ተመለሰች። አባባ ደግ ናቸው፤ እሷ ከምታውቀው ሰው ሁሉ ደግ ናቸው።

አንድ ዓይን ለክፉ፣ ሁለት ዓይን ለደግ። ስለዚህ ያ ሁለተኛው ዓይን የግድ መገኘት አለበት።

ከፊታቸው ሄዳ ቆመች። ምን አየች? ሸራ። አባባ ከሸራው ኋላ ናቸው፤ የሚታየው የኮፍያቸው ጫፍ ብቻ ነው።

ከኋላቸው ሄዳ ቆመች። ምን አየች? ጀርባ። ጀርባ ደግሞ ዓይን የለውም።

«አባባ!» ብላ ጠራቻቸው። «ወዬ ልጄ» አሉ፤ ግን ዞር አላሉም። ጠቅ! ሸርርር!

ወደ ውጭ ወጥታ መስኮቱን አንኳኳች። ኳ! ኳ! አባባ ነፋስ መሰላቸውና መጋረጃውን ዘጉት።

የእናቷን መስታወት አመጣች። አባባን አያለሁ ብላ ወደዚህ አዘነበለችው፣ ወደዚያ አዘነበለችው። ምን አየች? ትርሲትን።

ከምሳ በኋላ አባባ ሶፋው ላይ ጋደም አሉ። ፊታቸው ወደ እሷ ነው፤ ትርሲት ብሩሿን ይዛ ሮጠች።

ኽርርር... ፉ። ኽርርር... ፉ። ሁለቱም ዓይኖች አሉ፤ ሁለቱም ግን ተከድነዋል።

አሁን ምን ይሻላል? ትርሲት የመጀመሪያውን ሥዕል አወጣችና ሁለተኛ ዓይን ልትጨምርበት ፈለገች።

ከአፍንጫው ወዲያ ቦታ የለም። ስለዚህ ዓይኑን ከጆሮው አጠገብ አደረገችው።

ራቅ ብላ አየችው። አባባን አይመስልም፤ ግራ የገባው ዓሣ ይመስላል።

የትርሲት እንባ ቀለሙ ላይ ወረደ። ጠብ! ጠብ!

አባባ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ወደ ሥዕላቸው ተመልሰው ነበር። ጠቅ! ሸር... ብሩሹ መሐል ላይ ቆመ።

ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩና ምን ሆና እንደምታለቅስ ጠየቋት። ትርሲት ሥዕሉን ከጀርባዋ ደበቀችው።

«ላመሰግንዎት ፈልጌ ነበር» አለች። «ግን ክፉ ሰው አደረግሁዎት። ከዚያ ደግሞ ዓሣ አደረግሁዎት።»

አባባ ሥዕሉን ተቀብለው ቆየት ብለው አዩት። ዓሣውን እንኳ አይተው አልሳቁም።

«ትርሲትዬ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስሥል ኖርኩ። እኔን ልሣልህ ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

ተነስተው ሸራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉት። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ አሉ።

ዝም ብሎ መቀመጥ ለካ ከባድ ነው። አባባ አፍንጫቸውን አከኩ፤ ትርሲት እንዳይንቀሳቀሱ ነገረቻቸው።

ብሩሻቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ። «ወደ እኔ፣ አባባ» አለች። አባባም ወደ እሷ አዩ።

ትርሲት እንዲህ አድርጋ አይታቸው አታውቅም። ዓይኖቻቸው ቡናማ ናቸው፤ ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ ሰማያዊ አላቸው።

ከዓይኖቻቸው ጎን ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ሳቅ ሲሉ መስመሮቹ ይበዛሉ፤ ትርሲት እነሱንም ሣለቻቸው።

ብሩሿን ነከረች። ጠቅ! ሸርርር! አንድ ዓይን። ጠቅ! ሸርርር! ሁለት ዓይን።

አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሆነ። ይሁን፤ ዋናው ነገር ሁለት መሆናቸው ነው።

ሥዕሉን በሁለት እጇ ይዛ ሰጠቻቸው። «አባባ፣ ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ» አለች።

አባባ በጣም ደስ አላቸው። ሥዕሉን አዩ፤ ትርሲትን አዩ፤ እንደገና ሥዕሉን አዩ።

«በጣም ደግ ሰው አድርገሽ ሣልሽኝ» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ያየሁትን ነው የሣልኩት» አለች ትርሲት።

መሸ። ሐይቁ ሽው... ሽው... ይላል፤ ትርሲት አልጋዋ ላይ ናት፣ አባባ ብርድ ልብስ ያለብሷታል።

ቀኑን በሰላም ስላዋላቸው ፈጣሪን አመሰገኑ፤ እሷን ስለሰጣቸውም አመሰገኑ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ዓይኗን ሳሙ፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን።

ትርሲትም ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፈነች።