ጽዋ እጅ አይለውጥም

አንዷለም ገሰሰ የወደቀው ጽዋውን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሰብሮ ገና ቀና ሳይል ነው። ወረታ በሚገኘው የሩዝ መፈልፈያ ግቢ ቴያትር ሊያይ የተሰበሰበው ሕዝብ አወዳደቁ የጨዋታው ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ጭብጨባው የቆመው ሸክላ ሠሪዋ ሰገን ራሱን ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ በመድረክ ስሙ ሳይሆን እናቱ ባወጡለት ስም ስትጠራው ነው።

ኢንስፔክተር እማዋይሽ ብሥራት ከደብረ ታቦር የደረሰችው በሣልስቱ ዕለት ነበር። ቀጭን፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት፤ ሰው ሲያወራላት ከፊቱ ይልቅ እጁን ታያለች። የተላከችው ለሟቹ ብቻ አልነበረም። ከከተማው ዳር ባለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር ለገበያ የተደረደረው እንስራና ምንቸት ሁሉ ተሰባብሮ አድሯል። ሰገን ነገ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ከቀረበች ደግሞ ቤቶቹም እንደሚነዱ በየሻይ ቤቱ በግልጽ ይወራል።

የጣቢያው ሳጅን ደሞዝ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። «መርዙ የተባይ መድኃኒት ነው፤ የተገኘውም በሷ ጽዋ ገል ላይ ብቻ ነው» አላት። «ጽዋውን የሠራችው እሷ፣ የያዘችው እሷ፣ ከእጇ የጠጣው እሱ። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?»

«አጠጣጣቸውን ንገረኝ» አለች እማዋይሽ።

ደሞዝ ተነፈሰ። የሌለ አገር ሥርዓት ማስረዳት ለፖሊስ አይመቸውም። አንዷለም መምህር ነበር። ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ በሚያለብሰው ውሃ ሥር ደለል የሚባል አገር አለ ብሎ ከራሱ ፈጥሮ፣ ስለዚያ አገር መጠጥና አጠጣጥ ቴያትር ጻፈ። በደለል መንገደኛ ሲመጣ «ጤዛ» ይቀርብለታል፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ ማንም አያናግረውም። የተጣሉ ሰዎች ቃል ከመለዋወጣቸው በፊት ቆመው «ጉርምርምታ» ይጠጣሉ። ቃል ኪዳን የሚገባ ደግሞ «ምስክር» ይጠጣል። መድረኩ ላይ ምስክር ሆኖ የተቀዳው ብርዝ ነበር።

የምስክር ሕግ ጥብቅ ነው። ቀጂ አይቀምስም፤ ቀምሶ መቅዳት በማዕዱ ጠላት አለ ብሎ መክሰስ ነው። ጽዋ በሁለት እጅ ይያዛል፤ አንዴ ከተያዘ እጅ አይለውጥም። ተጠጥቶ ሲያልቅ የንጉሡም የሸክላ ሠሪዋም ጽዋ እኩል ድንጋይ ላይ ይሰበራል፤ ገሉም ለውሃ ይሰጣል።

በዚያ ቀን ማዕዱ ላይ የተቀመጡት ሦስት ናቸው፦ ንጉሡን የሚጫወተው ባለባጃጁ ያየህ፣ መንገደኛውን የሚጫወተው አንዷለም፣ እና ሸክላ ሠሪዋን ሆና የምትጫወተው ሸክላ ሠሪዋ ሰገን። የሚቀዳው የአንዷለም ታላቅ ወንድም ባየህ ነበር። ጽዋዎቹ ከሥራቸው ምልክት አላቸው፤ የንጉሡ ፀሐይ፣ የመንገደኛው የእግር ኮቴ፣ የሸክላ ሠሪዋ ወፍ።

እማዋይሽ መጀመሪያ ያየህን አገኘችው። ባጃጁን መገንጠያው ላይ አቁሞ በደብረ ታቦር መንገድ የሚወርዱትን የጭነት መኪናዎች እያየ ነበር።

«ንጉሥ ያደረጉኝ ሆዴን አይተው ነው» አላት። «አገር የሚያክል ሆድ ይዞ ሌላ ምን ይሆናል ብለው።» ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

ያየውን ነገራት። ባየህ ቀዳ፤ ከመቅዳቱ በፊት ከመዳፉ ቀመሰ። ሦስቱም ጽዋቸውን አነሱ። ያኔ አንዷለም እጁን ዘርግቶ የሰገንን ጽዋ ከእጇ ወሰደና የራሱን ሰጣት። ሕዝቡ አጉረመረመ። ባየህ «ተው፣ አትጠጣ» ብሎ ጮኸ። አንዷለም ወንድሙን እያየ ጨለጠው።

«ማን ለማን ሰጠ? አጥርተህ ንገረኝ።»

«መጀመሪያ የተዘረጋው የሱ እጅ ነው። በማርያም። አሁን ሁሉም ሰጠችው ይላል፤ እኔ ግን አጠገባቸው ነበርኩ።»

እማዋይሽ ሁለቱ ምን እንደሆኑ ጠየቀችው። ያየህ አንገቱን አከከ። አንዷለም ለሰገን ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልክ ነበር፤ ከተመረጡት አንዱም እሱ ነው። ይህን የሰማው ባየህ መጥቶ «ሽማግሌ አትሁን፣ ቤታችንን አታፍርስ» ብሎ ለምኖታል። ያየህም ንጉሥ ሲለመን እሺ አይልም ብሎ በቀልድ ሸኝቶታል።

ባየህን ከልቅሶው ድንኳን ጓሮ፣ ገና ካልታጨደው የሩዝ ማሳ ዳር አገኘችው። ራሱን ተላጭቷል፤ ዓይኑ ከልቅሶ ብዛት አብጧል። ልቅሶው የውሸት እንዳልሆነ እማዋይሽ ወዲያው አወቀች፤ ይህም ግራ አጋባት።

ጽዋዎቹን ሰገን ጠዋት በገለባ ጠቅልላ እንዳመጣችና አለቅልቆ የደረደራቸው እሱ እንደሆነ አልካደም።

«ለምን ቀመስክ?» አለችው።

«ያባቶቻችን ወግ ነዋ። ቀጂ ሳይቀምስ ይቀዳል እንዴ?»

«ስትለማመዱስ ትቀምስ ነበር?»

«አይ… ያን ቀን እጄ የቴያትሩን ሕግ ረስቶ ነው።»

«የጮህከውስ?»

«ወንድሜ ከጠይብ ጽዋ ሲጠጣ ዝም ብዬ ልይ? የገሰሰ ልጅ እኮ ነው። ቢጠየፍ ይሻለዋል ብዬ ነው የጮህኩት።»

በወንድሙና በሰገን መካከል ፍቅር እንዳለ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ቴያትር መስሎኝ ነበር አለ። ከዚያ እሱ በተራው ጠየቃት። «ገሉን ለምን ሰበሰበችው? ወደ ቦዩ ልጥለው ስል አስጥላኝ በነጠላዋ ቋጠረችው። ሕጉ ለውሃ ይሰጥ ነው። ልትደብቅ ካልሆነ ምን ሊያደርግላት?»

ሰገን ጣቢያው ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ደሞዝ ተቀመጪ ቢላትም አልተቀመጠችም።

«ገል አይጣልም» አለች። «ተደቁሶ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይቀላቀላል፤ አለዚያ ሸክላው እሳት ላይ ይፈነዳል። ደለል ውስጥ ውሃ ይብላው። ወረታ ውስጥ ጭቃ ተሸክሜ የምመጣው እኔ ነኝ።»

«በዚያች ሰዓት ግን ሸክላ አስበሽ ነው?»

«አይደለም። እጁ የነካው የመጨረሻ ነገር ስለሆነ ነው። ሞቶ መርዝ ነው ሲባል ደግሞ ቋጠሮዬን ሳልፈታ ለሳጅኑ ሰጠሁ። ይመስክር።»

ደሞዝ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እውነት ነው አለ።

«ጽዋሽን ሲወስድ ምን አለሽ?»

«‹ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የምሽረውም እኔ ነኝ› አለኝ። ሰው ፊት ጽዋዬን ሊጠጣ መሆኑን ቀድሞ አልነገረኝም። ቢነግረኝ ምን አስቸኮለህ እለው ነበር።»

«ነገ ፍርድ ቤት ነው። አትፈሪም?»

«ቡዳ እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ እትየ። አሁን ነፍሰ ገዳይ ሲጨመርበት ስሜ ረዘመ እንጂ እኔ አላጠርኩም።»

እማዋይሽ ከመምሸቱ በፊት ሐዘንተኛዋን እናት ወይዘሮ ገላነሽን ለማስተዛዘን ገባች። ገላነሽ ሰገንን ሲረግሙ ቆይተው፣ ልጆቻቸውን እንዴት ባለ ጨዋነት እንዳሳደጉ መናገር ጀመሩ። የሰገን አባት ጋን ሊሸጥ መጥቶ ውሃ ለምኗቸው ያውቃል። አጠጡት፤ ሲሄድም የጠጣበትን ዋንጫ ልጆቻቸው እያዩ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ሰበሩት። ባየህ ዝም አለ፤ አንዷለም ግን ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ዋለ። ሞኝ ነበር አሉ ገላነሽ፣ ለዋንጫ የሚያለቅስ።

እማዋይሽ አንገቷን ደፋች። የንጉሡም የሸክላ ሠሪዋም ጽዋ እኩል የሚሰበርበት አገር ከየት እንደመጣ አሁን ገባት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከፍርድ ቤቱ በፊት፣ ሁሉንም፣ እናትየዋንም ጭምር፣ መፈልፈያው ግቢ ሰበሰበቻቸው። ወሬ የሰማው የከተማው ሰውም አጥሩን ሞላው። ማዕዱ እንደዚያን ቀን ተዘርግቷል፤ ላዩ ላይ ከሰገን ቤት ሳይሰበር የተረፈ አንድ ጽዋና የውሃ ማሰሮ አለ። ሰገን በፖሊሶች መካከል ስትገባ ከአጥሩ ስድብ ተወረወረ። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ፊቷን ለሁሉም አሳየች።

«ብርዙ ንጹሕ ነው» ብላ ጀመረች እማዋይሽ። «ከአንድ ማሰሮ ሦስቱም ጠጥተዋል፣ ቀጂውም ቀምሷል፤ የሞተው አንድ ነው። መርዙ የነበረው ወፍ የተሳለበት ጽዋ ውስጥ ነው። ስለዚህ የጽዋው ባለቤት ገደለች ተባለ። እኔ ደግሞ እንዲህ ልጠይቅ። ሰገን አንዷለምን መግደል ከፈለገች የሱ ጽዋ፣ ኮቴ የተሳለበት፣ በእጇ ተሠርቶ በእጇ የመጣ ነው። እሱን ትታ የራሷን መርዛ፣ ሰውዬው የጻፈውን ሕግ እንዲሽር ትጠብቃለች? ጽዋ እጅ አይለውጥም። መለወጡን ከአንዷለም በቀር የሚያውቅ አልነበረም።»

እማዋይሽ ወደ አጥሩ ዞረች።

«በወፏ ጽዋ ውስጥ የገባው መርዝ ለወፏ ባለቤት ነበር። ሊገደል የታሰበው አንዷለም አይደለም፤ ሰገን ናት። በራሷ ሸክላ ሞተች፣ የእጇን አገኘች ይባል ነበር። ገሉም ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር። ነፍሰ ገዳይ ብትሆን ገሉን ለውሃ ትሰጠው ነበር፤ እሷ ግን ለፖሊስ ሰጠች።»

ያየህ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኖ «እኔስ?» አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ።

«አንተ የመጣኸው ማዕዱ ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከባጃጅህ ስትወርድ ሕዝቡ ሁሉ እየሳቀ አይቶሃል። ጽዋዎቹን ከሰገን ተቀብሎ ብቻውን የደረደረው አንድ ሰው ነው።» ወደ ባየህ ዞረች። «አንተ ስትለማመዱ አንድ ቀን እንኳ አልቀመስክም፤ ሕጉም ይከለክላል። ያን ቀን ግን ቀመስክ። መቅመስ የለመደ እጅ ሁልጊዜ ይቀምሳል፤ በአንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ልማድ የለም። ሰው እንደሚሞት የሚያውቅ ነው የቀዳሁት ንጹሕ ነው ብሎ አስቀድሞ የሚያስመሰክር።»

«ልቅሶ ላይ ያለ ሰው ነኝ» አለ ባየህ። «እጄ ረሳ አልኩሽ።»

«ይሁን፣ ረሳ እንበል። ፍቅራቸው ቴያትር መስሎኝ ነበር ያልከኝንም ረስተኸው ነው እንበል፤ ሽማግሌ አትሁን ብለህ ያየህን የለመንከው አንተ ነህና። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ለምን ጮህክ?»

«ነግሬሻለሁ። የሷን ጽዋ ነዋ ያነሳው። ማንም ጨዋ ይጠየፋል።»

ከአጥሩ በኩል አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። እማዋይሽ ጽዋውን አንስታ ለሁሉም አሳየች።

«እዚህ ላይ ነው ከተማው በሙሉ የተሳሳተው። የሷ ጽዋ አላችሁ። የትኛው ነው የሷ ያልሆነ? የንጉሡንም የመንገደኛውንም የሠራችው እሷ ናት፤ ከአንድ ጭቃ፣ በአንድ እሳት። አንዷለም ሲቀበላት ከንፈሯ ገና አልነካውም። በያዘው ጽዋና በተቀበለው ጽዋ መካከል የሚያስጠይፍ ልዩነት አልነበረም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነበር። እሱንም የሚያውቅ ሰው ነው የጮኸው።»

ከመንገዱ የአንድ የጭነት መኪና ድምፅ መጥቶ አለፈ። ወይዘሮ ገላነሽ ቀስ ብለው ወደ ታላቁ ልጃቸው ዞሩ፤ በዓይናቸው «በል እንጂ፣ ካድ» የሚሉት ይመስላሉ።

ባየህ ግን የሚያየው ጥቁሩን ድንጋይ ነበር።

«ጽዋ እጅ አይለውጥም ብሎ የጻፈው እኮ እሱ ራሱ ነው» አለ። «እሱ ራሱ ነው የጻፈው።»

ደሞዝ ክንዱን ሲይዘው አልታገለም። በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ቆሞ «ለናቴ ብዬ ነው» አለ። እማዋይሽ ወደ ሰገን ዞረችና መሄድ እንደምትችል ነገረቻት።

ወይዘሮ ገላነሽ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ከንፈራቸው ደርቆ፣ በማይሰማ ድምፅ ውሃ አሉ። ከአጥሩ ማዶ የተንቀሳቀሰ የለም። ሰገን ወደ ማዕዱ ሄዳ ጽዋውን አነሳች፤ ውሃ ቀዳችበት፤ ግማሹን ሰው ሁሉ እያያት ጠጣችው። ከዚያ የቀረውን እፊታቸው አስቀመጠችው።

«ይሄኛውን ከንፈሬ ነክቶታል፣ እማማ» አለች። «ይጠጡበት፤ ወይም እንዳባቴ ዋንጫ ይስበሩት። ድንጋዩ አጠገብዎ ነው። ከሰበሩትም ገሉን እሰበስባለሁ፤ ነገ ሌላ ሠርቼ አመጣለሁ።»

ገላነሽ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ሰገን ምን እንደሚያደርጉበት ለማየት አልቆየችም። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። ወደ መንደሯ፣ ወደ ተሰባበረው ሸክላዋ ስትሄድ፣ ግቢው በሙሉ ጆሮውን ጥሎ የሸክላ መሰበር ድምፅ ጠበቀ። ድምፁ አልመጣም።