ቦዩን የደፈነው

«እኔ ነኝ የደፈንኩት፣ ጋሼ!» አለ ጉልላት፣ ደረቱን ነፍቶ። «ረዲም አፈር አቀብሎኛል።»

ረዲ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ እንደቆመ ዞር ብሎ አየው። ጉድ እኮ ነው! የቦዩ ጠርዝ ሲሸረሸር ያየው እሱ፣ ጆንያ በአፈር እየሞላ የወተፈው እሱ። ጉልላት ያን ጊዜ ግራሩ ጥላ ስር ለጥ ብሎ ተኝቶ ነበር። የካቦው የአቶ ወልደ ኢየሱስ ላንድሮቨር ሲያጓራ ነው ባንኖ ተነስቶ ጭቃው ውስጥ ዘሎ የገባው።

ሁለቱም የክረምት ዕረፍታቸውን በጥጥ እርሻው ላይ ቦይ እየጠበቁ የሚያሳልፉ ተማሪዎች ናቸው።

«ጎሽ የኔ አንበሳ!» አሉ ካቦው። «እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ ፓምፕ ቤት ትገባለህ። መካኒኩ ሙያውን ያስተምርሃል።»

ፓምፕ ቤት! ረዲ አዋሽ ዳር እየቆመ ያንን ሞተር ሲሰማ ያደገ ልጅ ነው። የሚወስዱት አንድ ተማሪ ብቻ እንደሆነም ያውቃል። ግን ከጉልላት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ጓደኛውን በሰው ፊት ማዋረድ ከበደውና ዝም አለ።

ወዲያው ሽማግሌው ሀሰን ፍየሎቻቸውን ትተው ከታች በኩል እየተጣደፉ መጡ። ቦዩ ቢሰበር ኖሮ ውኃው የሚወርደው እነሱ ሰፈር ላይ ነበር። የረዲን እጅ ያዙና በአፋርኛ ዳጉ ጠየቁት።

በአፋሮች ዘንድ ከሁሉ በፊት ዳጉ ነው። ያየኸውን አየሁ ብለህ፣ የሰማኸውን ደግሞ ከማን እንደሰማህ ተናግረህ ወሬህን ታስረክባለህ። ሀሰንም መንገድ ላይ ላገኙት ሰው ያቀብሉታል፤ ነገ ገዋኔ ከተማ ድረስ ይሰማል። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ማንም አያምነውም። ረዲ ይህን የለመደው አባቱ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ጉልላት ግን ከደብረ ብርሃን ከመጣ ገና ዓመቱ ነው፤ ዳጉ እሱ ዘንድ እንደምን ዋላችሁ እንደማለት ነው።

«ረዲ፣ አስተርጉምላቸው እስቲ» አሉ ካቦው። «ቦዩን ያዳነው ጉልላት ነው በላቸው። ይመርቁት!»

«አሳምረህ ንገራቸው እንጂ!» አለ ጉልላት እየሳቀ።

ረዲ ሽማግሌውን ቀና ብሎ አያቸው። ቅድም ዝም ማለቱ እሺ፣ ይሁን። አሁን ግን በገዛ አፉ፣ በዓይኔ አየሁ ብሎ ሊዋሽ ነው። ወላሂ አላደርገውም አለ በልቡ። ከዚያ በአፋርኛ አጠር አድርጎ ተናገረ።

ሀሰን የረዲን እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው መረቁት። ጉልላትን ዞር ብለውም አላዩት።

«ምን አልካቸው?» አሉ ካቦው፣ ግራ ገብቷቸው።

ጉልላት ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ረዲን በዓይኑ ተለማመጠው፤ ካቦው እንደሆኑ አፋርኛ አያውቁም፣ ያሉኝን ነው የነገርኳቸው ቢላቸው ነገሩ እዚያው ያልቃል። ረዲን አሳዘነው፤ እውነት አሳዘነው። ግን ፊቱን ወደ ካቦው መለሰ።

«ቦዩን የደፈንኩት እኔ ነኝ አልኳቸው፣ ጋሼ። ጉልላት ሲመጣ ውኃው ቆሞ ነበር።»