ምልክቱን ማን ዋጠው

ሙንዚር ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ቢሯቸው ከፋኢዛ ጎን መቀመጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። እሷ በየማለዳው ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ትመጣለች፤ አብረው ለደንበኞች ፕሮግራም ይጽፋሉ። እንደሚወዳት ነግሯት አያውቅም።

ሰሞኑን አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ለፋኢዛ የመቀጠሪያ ፈተና ልኮላታል። ጉዳዩ ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የተሠራን ፕሮግራም በሌላ ዓይነት ላይ የሚያስኬድ ኢሙሌተር ነው። ፕሮግራሙ ጊዜውን የት እንደሚያጠፋ ለመለካት በየቅጽበቱ ምልክት ይላክለታል፤ ምልክቱ ግን አይደርሰውም። ጥፋቱን አስተካክላ እስከ ዛሬ ማታ ከላከች ትቀጠራለች። ከተቀጠረች ትሄዳለች።

ሙንዚር ጥፋቱን ያገኘው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት አዛን እስኪሰማ ድረስ አልነገራትም። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ፋኢዛ ስክሪኑን ትታ እሱን ታያለች።

«ምነው ዛሬ አፍህ ተለጎመ?»

«ኢሙሌተሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «ምልክቱን ለራሱ የመጣ አድርጎ ይውጠዋል፤ ለፕሮግራሙ አያሳልፍለትም።»

ላፕቶፗን ወደ እሱ አዞረችው። ማስተካከያው ተጽፎ አልቋል።

«መቼ አገኘሽው?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«ታዲያ ለምን አልላክሽውም?»

የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፤ ፈታችው።

«ወላሂ፣ ያንተስ ነገር» አለች ቀስ ብላ። «እንካ አንብበው። የምትለኝ ካለ በለኝ፤ ከሌለ እልከዋለሁ።»

አነበበ። ሊናገር ቀና ሲል ዓይኑ አንድ መስመር ላይ ተያዘ።

«እዚህ ጋ» አለ። «ምልክቱ የመጣው ፕሮግራሙ ፋይል እያነበበ ሳለ ቢሆንስ? ንባቡ ይቋረጣል። መልሰሽ ማስጀመር አለብሽ።»

ፋኢዛ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ አጎንብሳ ያላትን ጻፈች፤ ሞከረችው፤ ሠራ።

«ሌላስ የምትለኝ የለም?»

«የለም። አሁን ምንም አይጎድለውም።»

ላከችው። ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆም አለች።

«ጀዛከላህ፣ ሙንዚር» ብላ አመሰገነችው፤ ለማታውቀው ሰው እንደምትለው አድርጋ።

ከታች የኮምቦልቻው ሚኒባስ ረዳት ይጣራል። አንድ ሰው ጎድሎታል። ሙንዚር በመስኮቱ ፋኢዛ ስትገባ፣ በሩ ሲዘጋ፣ መኪናው ጉሙ ውስጥ ሲጠፋ አየ።

«አትሂጂ» አለ ያኔ፣ ድምፁን አጥርቶ፣ ለመስታወቱ።